የጆርጅ ቡል አልጄብራ፦ ሐሳብ በእኩልታ ሲሰላ



እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1815 በሊንከን ከተማ ከጫማ ሠሪ አባት ተወለደ። በ16 ዓመቱ ቤተሰቡን ለመርዳት በረዳት መምህርነት ተቀጠረ፤ በ19 ዓመቱ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከፍተኛ ሒሳብን ከመጻሕፍት በራሱ ጥረት ተማረ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ይሁንና በ1849 በአየርላንድ፣ በኮርክ ከተማ በተከፈተው የኩዊንስ ኮሌጅ የመጀመሪያው የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ።

የቡል ጥያቄ ይህ ነበር፦ በቁጥሮች እንደምናሰላ ሁሉ በአመክንዮስ ማስላት ይቻላልን?

ነገሩን በዚህ አዳራሽ እንሞክረው። ሀ «መነጽር ያደረጉትን መምረጥ»፣ ለ ደግሞ «ተማሪዎችን መምረጥ» ይሁን። ሀ × ለ ማለት ሁለቱን ምርጫዎች በተከታታይ መፈጸም ነው፤ የሚቀሩልንም መነጽር ያደረጉ ተማሪዎች ናቸው። ሀን ሁለት ጊዜ ብንፈጽምስ? መነጽር ካደረጉት መካከል መነጽር ያደረጉትን መምረጥ ምንም አይለውጥም። ስለዚህ ሀ × ሀ = ሀ ይሆናል።

ይህ ከለመድነው ስሌት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ 2 × 2 ውጤቱ 4 እንጂ 2 አይደለምና። እኩልታውን የሚያሟሉት ቁጥሮች 0 እና 1 ብቻ ናቸው። ቡል 1ን «ሁሉም»፣ 0ን «ምንም» ብሎ ተረጎማቸው። እንግዲያው 1 − ሀ መነጽር ያላደረጉት ናቸው። እኩልታውን ስናዛውረው ሀ × (1 − ሀ) = 0 እናገኛለን፤ ይኸውም መነጽር ያደረገም ያላደረገም የሆነ ሰው የለም ማለት ነው። አሪስቶትል ከመርሆዎች ሁሉ የጸና ያለው የተቃርኖ ሕግ በቡል እጅ ከእኩልታ የሚወጣ ውጤት ሆነ።

ቡል ይህን በ1854 «የአስተሳሰብ ሕግጋት» በተሰኘው መጽሐፉ አብራራ። በ1864 ለማስተማር በእግሩ ሲሄድ ዝናብ መትቶት ታመመና በ49 ዓመቱ ዐረፈ። በ1937 አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በማስተርስ ዲግሪ ጽሑፉ፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ትስስር በቡል አልጄብራ እንደሚሰላ አሳየ። በአንድ መስመር ተከታትለው በተገጠሙ ሁለት ማብሪያዎች ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ሁለቱም ሲበሩ ብቻ ነው፤ ይህም ሀ × ለ ነው። የዛሬው ኮምፒዩተር በዚህ መሠረት ላይ ቆሟል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከለመድነው ሕግ የሚጋጭ እኩልታ ሲገጥመን ብዙዎቻችን ስሕተት ነው ብለን እንሰርዘዋለን። ቡል ግን አልሰረዘውም፤ የሚጸናባቸውን ቁጥሮች ፈለገ፤ ሁለቱም በቂ ሆነው ተገኙ።