“ልደምር ወይስ ላባዛ?”፦ ማባዛትን ለታናናሾቻችን እንዴት እናስረዳቸው?

ቤታችሁ ውስጥ 3ኛ ወይም 4ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካለ ዛሬ ማታ ይህችን ሞክሩ። መጀመሪያ “7 ሲባዛ በ8 ስንት ነው?” በሉት። በቃሉ ይዞት ከሆነ ሳይተነፍስ “56!” ይላችኋል። ቀጥላችሁ “ሰባት ልጆች ኳስ ለመግዛት ስምንት ስምንት ብር ቢያዋጡ ስንት ብር ይሰበሰባል?” ብላችሁ ጠይቁት።

ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ቆም ይልና “ልደምር ወይስ ላባዛ?” ብሎ መልሶ ይጠይቃችኋል።

ነገሩ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ልጁ መልሱን ያውቀዋል፤ መልሱ የምን መልስ እንደሆነ ግን አያውቅም። ሰንጠረዡን እንደ መዝሙር ይዞታል፤ ከመሀል ጀምር ካላችሁት ግን ይጠፋበታል።

“ታዲያ ምን ችግር አለው? ሲያድግ ይገባዋል” ልትሉ ትችላላችሁ። ችግሩ ሂሳብ እንደ ፎቅ ቤት መሆኑ ነው። ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ስፋት፣ ኋላም አልጀብራ ሁሉም የሚቆሙት ማባዛት ላይ ነው። ማባዛት ያልገባው ልጅ 5ኛ ክፍል ሲደርስ ክፍልፋይ አይገባውም፤ 7ኛ ክፍል ላይ ደግሞ “እኔ ሂሳብ አይሆንልኝም” ብሎ ራሱን ያሳምናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ማባዛት ብቻ ነው የሚል የለም። ግን ክፍተቱ የሚጀምረው 12ኛ ክፍል ላይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ጥሩ ዜናው፦ ይህን ለማስተካከል መምህር መሆን አያስፈልጋችሁም። በቀን 10 ደቂቃና ትንሽ ትዕግስት ይበቃል።

👉 1. አማርኛችን ራሱ ያባዛል

“ሁለት ሁለት ደብተር ያዙ” ሲባል ምን ማለት ነው? እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ይያዝ ማለት ነው፤ አይደል? ቁጥሩን ደግመን ስንጠራ “ለእያንዳንዱ እኩል” እያልን ነው። ይሄ ማባዛት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ በፊት ይህን ቋንቋ ያውቀዋል።

ስለዚህ ከምልክቱ በፊት ከንግግሩ ጀምሩ። “ለአምስት ልጆች ሦስት ሦስት ከረሜላ ሰጠሁ” በሉና በባቄላ ወይም በጠርሙስ ክዳን መሬት ላይ እንዲደረድረው አድርጉ። አምስት ቦታ፣ እያንዳንዱ ጋ ሦስት። ይቁጠረው፤ 15። ከዚያ 3+3+3+3+3 ብላችሁ ጻፉለት። ደምሮ ሲሰለቸው “ይሄን አሳጥረን 5 × 3 ብለን እንጽፈዋለን፤ አምስት ጊዜ ሦስት” በሉት። ምልክቱ ለምን እንደመጣ ያኔ ይገባዋል።

ቀጥሎ ልዩነቱን አሳዩት። “አንዱ ልጅ 5 ከረሜላ አለው፤ ሌላው 3 አለው። በጠቅላላ ስንት?” ይሄ መደመር ነው፤ መልሱ 8። “አምስት ልጆች ሦስት ሦስት አላቸው” ግን 15 ነው። ቁጥሮቹ ያው 5 እና 3 ናቸው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ልጁ ራሱን የሚጠይቃት ጥያቄ አንዲት ናት፦ “እኩል የሆነ ነገር እየተደጋገመ ነው ወይ?” አዎ ከሆነ ይባዛል።

ይህች ነገር በተለይ ለግል ትምህርት ቤት ልጆች ትጠቅማለች። ብዙዎቹ ሂሳብ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። “ሰቨን ታይምስ ኤይት” የሚለውን በዜማ ይሉታል፤ ቤት የሚያወሩት አማርኛ ጋር ግን አያገናኙትም። ሱቅ ተልከው “ስምንት ስምንት ብር” ሲባሉ ያቺ ዜማ ትዝ አትላቸውም። ሁለቱን ቋንቋ የምታገናኙላቸው እናንተ ናችሁ።

👉 2. ከሀይሌ ጋርመንት የተሻለ መማሪያ ክፍል የለም

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚባዛ ነገር ሞልቷል። ልጁን ይዛችሁ ለሽንኩርት ስትወጡ እግረ መንገዳችሁን አስተምሩት።

ለምሳሌ አንድ ኪሎ ቲማቲም 60 ብር ነው እንበል። 3 ኪሎ ስንት ነው? “3 ሲባዛ በ6፣ 18፤ ከዚያ ዜሮ ጨምር” ብሎ ማስተማር ይቀላል። ግን “ዜሮዋ ከየት መጣች?” ካላችሁት ዝም ይላል። እንዲህ አስረዱት፦ 60 ብር ማለት ስድስት ባለ አስር ብር ነው። ሦስት ጊዜ ስድስት ባለ አስር፣ 18 ባለ አስር ይሆናል። 18 ባለ አስር ደግሞ 180 ብር ነው። በእጁ ብሩን አስቆጥሩት።

ሱቅ በር ላይ የተደረደረ የለስላሳ ሳጥንም አለላችሁ። 4 ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጠርሙስ፤ 24። አሁን ልጁን በሌላ በኩል ዞሮ እንዲያየው አድርጉ። 6 ረድፍ፣ በየረድፉ 4። ጠርሙሱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። 4 × 6 እና 6 × 4 እኩል የሚሆኑት ለዚህ ነው። ሕግ ስለሆነ አይደለም፤ ያው ሳጥን ስለሆነ ነው። የ30 እንቁላል ማስቀመጫውም 5 በ6 ነው።

ወደ ጀሞ በኩል ደግሞ ኮንዶሚኒየም ሞልቷል። “ይሄ ጂ ፕላስ ፎር ሕንጻ በየፎቁ 6 መስኮት ቢኖረው በዚህ በኩል ስንት መስኮት አለ?” ቶሎ የሚል ልጅ “24” ይላል። ቆይ! ጂ ፕላስ ፎር ምድሩን ጨምሮ 5 ወለል ነው፤ ስለዚህ 30። ማባዛት በትክክል ለመቁጠር ተጠንቅቆ ማየት እንደሚፈልግ በዚህ ይማራል።

የማይባዛም አሳዩት። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጋቢና ሁለት ሰው፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ግን አራት ሰው ይቀመጣል። ረድፎቹ እኩል ስላልሆኑ ዝም ብሎ ማባዛት አይቻልም፤ መደመር አለበት። መቼ እንደማይባዛ ያወቀ ልጅ መቼ እንደሚባዛ ገብቶታል።

👉 3. የሚሸመደደው 100 አይደለም፣ 10 ነው

ብዙ ደብተር ጀርባ ላይ ያለው የማባዛት ሰንጠረዥ ልጅን ያስፈራል። ከ1 እስከ 10 ብቻ እንኳ 100 ሳጥን ነው። ግን አንድ በአንድ እንቀንሰው፦

✅ ከላይ እንዳየነው 3 × 7 እና 7 × 3 አንድ ናቸው። ስለዚህ 100ው ወደ 55 ይወርዳል።
✅ የ1 እና የ10 ማንም አይከብደውም። 36 ቀረ።
✅ የ2 ማለት እጥፍ ነው፤ ቁጥሩን ከራሱ ጋር መደመር። 28 ቀረ።
✅ የ5 የ10 ግማሽ ነው። 10 × 8 ሰማንያ ከሆነ 5 × 8 አርባ ነው። 21 ቀረ።
✅ የ9 ከ10 አንዴ ሲቀነስ ነው። 9 × 7 ማለት 70 ሲቀነስ 7፣ 63። 15 ቀረ።
✅ የ4 የእጥፍ እጥፍ ነው። 4 × 7፦ ሁለቴ ሰባት 14፣ የሱ እጥፍ 28። 10 ቀረ።

በቃ! የቀሩት እነዚህ ናቸው፦ 3×3፣ 3×6፣ 3×7፣ 3×8፣ 6×6፣ 6×7፣ 6×8፣ 7×7፣ 7×8፣ 8×8። በቀን አንድ ቢይዝ በ10 ቀን ያልቃል።

እነሱም ቢጠፉበት ከሚያውቀው ተነስቶ ያገኛቸዋል። 7 × 8 ጠፋው? አምስት ጊዜ ስምንት 40፣ ሁለት ጊዜ ስምንት 16፤ ሲደመር 56። የሸመደደ ብቻ ከሆነ ሲረሳ ባዶ እጁን ይቀራል። የገባው ግን ቢረሳም መንገድ አለው።

ይሄ ማለት ግን በቃል መያዝ አያስፈልግም ማለት አይደለም። 4ኛ ክፍል ላይ እያንዳንዷን ብዜት በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ትልልቅ ጥያቄዎች ጋ ሲደርስ ይደክመዋል። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው፤ መጀመሪያ ይግባው፣ ከዚያ በቃሉ ይያዝ።

👉 4. ቁጥሩ ሲተልቅ ሰንጥቁት

13 ሳጥን ለስላሳ አለ፤ በእያንዳንዱ 24 ጠርሙስ። ስንት ጠርሙስ ነው?

ልጆች ወደ ታች ጽፈው ሲያባዙ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። 3 × 24፣ 72። ከዚያ 1 × 24፣ 24። ሲደምሩት 96 ይላሉ። ሁለተኛውን መስመር ወደ ግራ አንድ ቤት ማስጠጋት ረስተው ነው። ለምን እንደሚጠጋ ካልተነገራቸው ደግሞ ሁሌም ይረሱታል።

13 ማለት 10 እና 3 ነው። 10 ሳጥን 240 ጠርሙስ። 3 ሳጥን 72 ጠርሙስ። በድምሩ 312። ያቺ “1” አንድ ሳጥን ሳትሆን አሥር ሳጥን ናት፤ ወደ ግራ የምትጠጋውም ለዚህ ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ አስይዙት፦ መልሱን ከመጻፉ በፊት “ይሄ ነገር ይመስላል ወይ?” ብሎ ይጠይቅ። 10 ሳጥን ብቻ 240 ከሆነ 13 ሳጥን እንዴት 96 ይሆናል?

👉 5. “የኢትዮጵያ ማባዛት” የሚባለውን ታውቁታላችሁ?

ኢንተርኔት ላይ በሀገራችን ስም የሚጠራ የማባዛት ዘዴ አለ። ሌሎች “የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት” ይሉታል። በእጥፍ የማባዛት የቆየ የጽሑፍ ማስረጃ ደግሞ የግብፅ ነው፤ አህሞስ የሚባል ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ በገለበጠውና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኘው ፓፒረስ ላይ ይታያል። የማንም ይሁን፣ ሰንጠረዥ ሳይሸመድዱ በግማሽና በእጥፍ ብቻ ያሠራል።

ያንኑ 13 × 24 እንሥራው። በግራ ግማሽ (ትራፊውን ጣሉት)፣ በቀኝ እጥፍ፦

13 — 24
6 — 48
3 — 96
1 — 192

በግራ በኩል ሙሉ ለሙሉ ለሁለት የሚካፈለውን መስመር ሰርዙ፤ እዚህ 6 ያለበትን። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ደምሩ፦ 24 + 96 + 192 = 312። ያው መልስ!

አስማት አይደለም። 13 ማለት 1 + 4 + 8 ነው፤ አንድ ሳጥን 24፣ አራት ሳጥን 96፣ ስምንት ሳጥን 192። ቅድም 13ን ለ10 እና 3 ሰነጠቅነው፤ አሁን ለ1፣ 4 እና 8 ሰነጠቅነው። ትልቅ ቁጥር ማባዛት ሁሉ መሰንጠቅና መልሶ መደመር ነው።

👉 በመጨረሻ፦ እነዚህን አታድርጉ

ልጁ ሲሳሳት አትምቱት፣ “ደደብ” አትበሉት። የፈራ ልጅ ማሰብ ትቶ ፊታችሁን እያየ መገመት ይጀምራል። ከጎረቤት ልጅ ጋር በፍጥነት አታወዳድሩት። መልሱን ቶሎ አትንገሩት፤ “እንዴት አወቅክ?” በሉት፤ ትክክል ሲመልስም ጭምር። ሲያስረዳችሁ የት ጋ እንደገባውና የት ጋ እንዳልገባው ራሱ ያሳያችኋል።

ዛሬ ማታ የኳሷን ጥያቄ ጠይቁና ታናሻችሁ ምን ብሎ እንደመለሰ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ልጅ ለሚያስጠና ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።