የአእምሮ ሕመም ጥናት በድሃና በአረብ አገራት፦ ማን ተቆጠረ? ማንስ ቀረ?

በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ 121ዱ ሕይወታቸው አልፏል። የሞቱትም ሊኖሩት ይችሉ ከነበረው ዕድሜ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ነው።

ከሞቶቹ ግማሽ ያህሉ የተከሰቱት በተላላፊ በሽታ ነው። ይህ ቀላል ግኝት አይደለም። በበለጸጉት አገራት ሕሙማኑን ያለ ዕድሜያቸው ከሚቀጥፉት ምክንያቶች መካከል የልብና የደም ሥር ሕመሞች ጎልተው ይታያሉ። የአውሮፓን መረጃ ብቻ ይዞ ለገጠር ኢትዮጵያ ዕቅድ የሚያወጣ የጤና ባለሥልጣን መድኃኒቱንም ሆነ በጀቱን ወደተሳሳተ ቦታ ሊልክ ይችላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ጥናት ግን ብርቅ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2001 ይፋ የሆነ አንድ ዳሰሳ ስድስት ታዋቂ የሥነ አእምሮ ጆርናሎችን ፈትሾ ነበር። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ ከሚኖርባቸው ክፍላተ ዓለም የወጡት ጽሑፎች 6 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

አንዱ ምክንያት የሰው ኃይል እጥረት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን ሲጀምር በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባሰባሰበው መረጃ መሠረትም በዝቅተኛ ገቢ አገራት ለ100 ሺህ ሰው ያለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከሁለት በታች ነው፤ በበለጸጉት ከ60 በላይ። ከማለዳ ጀምሮ ሕሙማን ተሰልፈው ለሚጠብቁት ሐኪም ምርምር የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው።

ጥያቄው በማን ቋንቋ ይጠየቅ?

ባለሙያና ገንዘብ ሲገኝም ሌላ እንቅፋት ይጠብቃል። የደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ ድባቴ ግን የሚለካው በቃላት ነው። በአማርኛ “ጭንቀት” ሲባል ሐሳብም፣ ፍርሃትም፣ መከራም ሊሆን ይችላል። ዐረብኛ ተናጋሪው “ዲቅ” ሲል የደረቱን መጥበብም የሕይወቱን መጥበብም በአንድ ቃል ሊናገር ይችላል። በዚምባብዌ የሾና ተናጋሪዎች ተመሳሳዩን ስሜት “ኩፉንጊሲሳ” ይሉታል፤ ከመጠን በላይ ማሰብ እንደማለት ነው።

ከወሊድ ጋር የተያያዘ ድባቴን ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚያገለግለው የኤዲንብራ መጠይቅ የገጠመው ነገር ችግሩን በግልጽ ያሳያል። በስኮትላንድ የተዘጋጀው ይህ መጠይቅ በእንግሊዝኛ ፈሊጥ የተነገሩ ዐረፍተ ነገሮች አሉት። አዲስ አበባ ላይ ሲሞከር ጥሩ ሠራ፤ በገጠር ቡታጅራ ግን የታመመችውን እናት ካልታመመችው ለመለየት ተቸገረ። አገሩም ቋንቋውም ያው ሆኖ ሳለ የከተማው መለኪያ ገጠር ላይ አልሠራም።

ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች በተዳሰሱበት ጥናት ተመራማሪዎቹ በመጠይቁ ብቻ አልተወሰኑም፤ የአካባቢውን ሰው በቅርብ የሚያውቁ ነዋሪዎችንም ጠይቀዋል። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን በማግኘት ረገድ እነዚህ ነዋሪዎች የተሻሉ ሲሆኑ፣ መጠይቁ ደግሞ የስሜት መዛባት ያለባቸውን በመለየት በልጧል። ሕመምተኛ ዘመዱን ከእንግዳ ሰው የሚሸሽግ ቤተሰብ ባለበት አገር፣ ጎረቤትን መጠየቅ እንደ ሳይንስ መሣሪያ መቆጠሩ ተገቢ ነው።

ከቆጠራው ውጪ የቀሩት

በአረቡ ዓለም አገር አቀፍ ዳሰሳ ያካሄዱት ጥቂቶች ናቸው። ሊባኖስ በ2002 እና 2003 አካሂዳለች። ኢራቅ በ2006 እና 2007፣ ያውም ግጭቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ከ4 ሺህ 300 በላይ ሰዎችን አነጋግራለች። ሳዑዲ አረቢያም በኋላ የራሷን አድርጋለች።

የሳዑዲው ዳሰሳ ያነጋገረው ግን የአገሪቱን ዜጎች ነው። በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪዎቿ 41 በመቶ ያህሉ የውጭ ዜጎች ነበሩ። ከእነዚህም መካከል በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይገኛሉ። ስለ እነርሱ አእምሮ ጤና ከሚታወቀው አብዛኛው የተጠናው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ አዲስ አበባ ባሉ መጠለያዎችና ሕክምና ተቋማት ነው። ገና በአሠሪዋ ቤት ያለችውን ሴት ለመጠየቅ በሩን የሚከፍተው አሠሪዋ ነው። በዚህ ሁኔታ የምትሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ነጻ እንደሆነ ለማንኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈታኝ ጥያቄ ነው።

ሕግም ቁጥርን ይሸሽጋል። ራስን ለማጥፋት መሞከር ወንጀል በሆነበት አገር ቤተሰብም ሆነ ሐኪም “አደጋ ነው” ብሎ ቢመዘግብ አያስደንቅም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን የወንጀል ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ያለው በጥር 2025 ነው።

ሱዳን የሁለቱም ዓለም አባል ናት፤ አረብም ድሃም። የአገሪቱ የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪም ቲጃኒ አል-ማሒ ከባህላዊና ከሃይማኖታዊ ፈዋሾች ጋር ተቀራርቦ በመሥራት ቀዳሚ ነበር፤ በኦምዱርማን የሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታልም በስሙ ይጠራል። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ግን ጦርነቱ ሐኪሙንም፣ ታካሚውንም፣ ተማሪውንም በትኗል።

በሌሎቹ አገራት ደግሞ ገንዘቡ የሚመጣው ከውጭ ነው። በ2025 የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም በአሜሪካ ተቋማት በኩል ለውጭ አጋሮች የሚተላለፍ አዲስ ድጋፍ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ብሪታኒያም የልማት ዕርዳታዋን እንደምትቀንስ ተናገረች። የምርምር ድጋፍ ዘወትር የሚሰጠው ለጥቂት ዓመታት ነው። የቡታጅራው ክትትል ሕሙማንን መመዝገብ የጀመረው በ1998 ሲሆን፣ ስለ ሞታቸው የሚናገረው ውጤት የታተመው በ2015 ነው።