ጌሻ፦ የዓለም ውዱ ቡና ያለፈባቸው እጆች

በ2025 ፓናማ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ 20 ኪሎ ቡና በኪሎ 30,204 ዶላር ተሸጠ። (ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሻጩ ላ ኤስሜራልዳ የሚባል እርሻ ሲሆን የቡናው ዝርያ ደግሞ «ጌይሻ» ነው። ከሚዛን ተፈሪ ወዲያ፣ በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ለሚኖር ሰው ይህ ስም እንግዳ አይደለም። የጫካው ስም ነው፣ የወረዳው ስም ነው።

የውድ ሰዓት ስም ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲያልፍ ውል ይፈረማል፣ ገንዘብ ይቆጠራል። ጌሻ ግን ሰማንያ ዓመት ያህል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ለበቀለበት አገር አንድም ክፍያ አልመጣም።

በ1930ዎቹ ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። ኬንያን ይገዛ የነበረው የቅኝ ግዛት አስተዳደር ለምርምር የሚሆን የቡና ዘር ይፈልግ ስለነበር ከጌሻ አካባቢ ዘር ተለቅሞ ተላከለት። በደቡብ ምዕራብ ጌሻ የሚባለው ቦታ ከአንድ በላይ ነው፤ ከፋም ውስጥ ጌሻ ወረዳ አለ። ስለዚህ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደተለቀመ የሚደረገው ክርክር የሚቋጭ አይመስለኝም። ከኬንያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ጥርት ያለ ነው። ዘሩ ታንጋኒካ ውስጥ ወደሚገኘው የልያሙንጉ ምርምር ጣቢያ ገባ፤ ከዚያም በ1953 ውቅያኖስ ተሻግሮ ኮስታ ሪካ ካቲዬ ከሚባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ደረሰ። እዚያ በ«ቲ2722» ቁጥር ተመዘገበ።

በ1960ዎቹ ለፓናማ ገበሬዎች የታደለው ስለ ጣዕሙ አልነበረም። የቅጠል ዝገት የሚባለውን በሽታ ስለሚቋቋም ነበር። ገበሬዎቹም ብዙ አልወደዱትም፤ ቅርንጫፉ በቀላሉ ይሰበራል፣ ምርቱም አነስተኛ ነው። የተተከለውም ከሌላው ቡና ጋር እየተለቀመና እየተደባለቀ፣ ማንነቱ ሳይታወቅ አርባ ዓመት ኖረ።

ላ ኤስሜራልዳን በ1967 የገዙት የአሜሪካ ትልቅ ባንክ፣ የባንክ ኦፍ አሜሪካ፣ ኃላፊ የነበሩት ሩዶልፍ ፒተርሰን ናቸው። ልጃቸው ፕራይስ እርሻውን ተረከቡ፤ በ1990ዎቹም ቤተሰቡ ሐራሚዮ የሚባል ከፍታ ላይ ያለ ሌላ እርሻ ጨመረ። የጌሻ ዛፎቹ ሐራሚዮ ሲገዛ እዚያው ነበሩ። የፕራይስ ልጅ ዳንኤል ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ የእርሻው ማዕዘን የተለቀመውን ቡና ለየብቻ አስቀምጦ ለየብቻ ቀመሰው። በአንዱ ማዕዘን ያገኘው የአበባ ሽታ ያለው ቡና ከሌላው ፈጽሞ የማይመሳሰል ሆነ። በ2004 በፓናማ ውድድር አንደኛ ወጣ፣ በጨረታም አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ። ያኔ ተራ ቡና በዓለም ገበያ 1 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በ2007 ዋጋው 130 ዶላር ደረሰ፤ በ2019 የሌላ የፓናማ እርሻ ጌሻ በፓውንድ 1,029 ዶላር ተሸጠ።

እኔ የዚህን ታሪክ ልብ የማየው እዚህ ላይ ነው። ዛፉ ያው ነበር፣ አፈሩም ያው። የተለወጠው ነገር ቡናው ከለቀማ እስከ ጆንያ ስሙን ሳይለቅ መሄዱ ብቻ ነው።

ጌሻ ወደ አገሩ የተመለሰበት መንገድም የሚገርም ነው። በ2007 አሜሪካዊው አዳም ኦቨርተንና ባለቤቱ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ራሔል ሳሙኤል፣ ስለ ኢትዮጵያ ቡና ዘጋቢ ፊልም ሠሩ። በዚያ ሥራ መካከል የጌሻን መነሻ ሲፈልግ ከነበረው የቡና ባለሙያ ከቪለም ቡት ጋር ተዋወቁ። በ2011 ከጎሪ ጌሻ ጫካ ብዙም ሳይርቁ፣ የሜኢኒት ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ፣ ከ470 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ «ጌሻ ቪሌጅ» የተባለውን እርሻ ጀመሩ። ዘሩን ከጫካው ለቀሙ፤ የፓናማውን ዛፍ የሚመስሉትን መርጠው «ጌሻ 1931» አሏቸው፣ የጫካውን ልዩ ልዩ ዛፍ እንዳለ የያዘውን ደግሞ «ጎሪ ጌሻ»። እርሻው ባንጊ፣ ኦማ፣ ናርሻ፣ ሱርማ እየተባለ በየስሙ የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይለቀማል፣ ለብቻው ይደርቃል፣ ለብቻው ይሸጣል። በ2017 የራሱን ጨረታ አካሄደ። ሐራሚዮ ላይ የተሠራው ሥራ ዛፉ ወደበቀለበት አገር መጣ ማለት ነው።

ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አልተፈታም። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ ከስታርባክስ ጋር ብርቱ ውዝግብ ተነሥቶ ነበር፤ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ከሦስቱ ስሞች መካከል ጌሻ አልነበረም። ያን ጊዜ የፓናማው ዋጋ ገና መውጣቱ ስለነበር ማንንም መውቀስ አይገባም። ዛሬ ግን ጌሻ በብዙ አገር የሚተከል የዝርያ ስም ሆኗል። የዝርያን ስም ለአንድ አገር ብቻ ማስመዝገብ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። በዚያ ላይ በዓለም ገበያ ጌሻ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከቲ2722 የማይወለዱ ብዙ ዛፎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

በዚሁ ምድር ስላለው ሌላ የባለቤትነት ታሪክም አንድ ነገር ልበል። ከሚዛን ብዙም የማይርቀው የበበቃ እርሻ፣ ከ10,000 ሄክታር በላይ የሚሰፋው፣ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ነበር፤ በኋላ ሆራይዘን ፕላንቴሽንስ ለተባለ የግል ኩባንያ ተሸጠ። በበበቃ ባለቤቱ ተለወጠ፤ በጌሻ የተለወጠው አሠራሩ ነው። ለእኔ የሚበልጥብኝ ሁለተኛው ነው።

በቴፒና በሚዛን ዙሪያ ያለው አነስተኛ ገበሬ እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ሲሸጥ ቡናው ከጎረቤቱ ቡና ጋር በአንድ ጆንያ ይገባል። ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ሲያገበያይ የገበሬው ስም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ አምራቹ ምርቱን ለይቶ በቀጥታ ለውጭ ገዢ የሚሸጥበትን በር አስፍቷል። በበሩ ለመግባት ግን ፈቃድ፣ የራስ ማድረቂያ አልጋ፣ መጋዘን፣ የጥራት ምርመራና እስኪከፈል የሚያቆይ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከ470 ሄክታር በላይ ያለው እርሻ ይህን ሁሉ ይችላል፤ በሁለት ሄክታር የጓሮ ቡና የሚተዳደር ገበሬ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር በማኅበር ካልተደራጀ በቀር ወጪውን ብቻውን አይችለውም።