የዕጢው ስም ማን ነው?

የምርመራው ውጤት ሲደርስ ሐኪሙ ለብቻ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ታማሚውን አይደለም፤ ታላቅ ወንድሙን ወይም አጎቱን ነው። «የጭንቅላት ዕጢ» የሚለው ቃል ኮሪደር ላይ ይነገርና ለታማሚው «ትንሽ እብጠት ናት፣ በመድኃኒት ትጠፋለች» ይባላል። ልማዱ ከርኅራኄ እንደመጣ አውቃለሁ። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ የሰማው ግማሹን ብቻ ነውና።

የአንጎል ዕጢ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ከመቶ በላይ ዓይነት አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግና ካንሰር ያልሆነ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ላይመለስ ይችላል። ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ላይ ከሚበቅሉት ዕጢዎች መካከል ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጨው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢላዋ ሳይነካው እንደ ካበርጎሊን ባለ ክኒን ይሟሽሻል። ግሊዮብላስቶማ ግን ክፉ ነው፤ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ተባብረውም ዕድሜ የሚጨምሩት በወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ታላቅ ጥናት መድኃኒቱ በጨረር ላይ ሲታከል መካከለኛው (ሚዲያን) የመኖር ጊዜ ከ12.1 ወደ 14.6 ወር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ለሦስቱም ታማሚዎች ቤት «ዕጢ ነው» ተብሎ ይለቀሳል። ቤት ተሸጦ ወደ ውጭ አገር የሚኬደውም አንዳንዴ ስሙ ሳይታወቅ ነው።

ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ዕጢው የት እንዳለ፣ ምን ሊሆን እንደሚችልም ይጠቁማሉ፤ ስሙን በአብዛኛው የሚያረጋግጠው ግን የናሙናው የፓቶሎጂ ውጤት ነው። ፊልሙን በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይህችን አንድ ገጽ ሳይዝ ከሆስፒታል ሲወጣ ያሳዝነኛል።

አገራችንም ባዶ እጇን አይደለችም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 በኖርዌይ በርገን ድጋፍ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል። ጨረር ግን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ወረፋው ስንቱን እንዳደከመ ያስታመመ ያውቀዋል።

አዋቂ ሰው ድንገት ቢወድቅና ቢንቀጠቀጥ፣ ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ቢመላለስበት፣ የጎን እይታው ቢጠብ የዕጢ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው አይዘግይ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ሐኪሙንም ጠይቁ፦ ስሙ ማን ነው? ደረጃው ስንት ነው? ሁሉም ወጥቷል ወይስ የቀረ አለ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ታማሚው ማወቅ ከፈለገም አትደብቁት፤ ሕመሙ የእሱ ነው።