ክረምቱን በሬዲዮ ብናስተላልፈው

የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? ሜዳው አይታይም። ኳሱም አይታይም። የሚሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ያ ሰው ግን ሁሉን ነገር ያሳያችኋል። ኳሱ ማን እግር ሥር እንዳለ ይነግራችኋል። ማን እንደ ወደቀ፣ ማን እንደ ተነሣ ይነግራችኋል። ድምፁ ከፍ ሲል ልባችሁም ከፍ ይላል። ዝም ሲል እናንተም ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ።

ይህ ሰው የስፖርት አስተላላፊ ይባላል። በአገራችን ሰሎሞን ተሰማና ደምሴ ዳምጤ በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው። በ1980 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ በአዲስ አበባ ተደረገ። ኢትዮጵያና ዚምባብዌ አንድ ለአንድ ወጡ። በፍጹም ቅጣት ምት ኢትዮጵያ አሸነፈች። ስታዲየም ያልገባው ሰው በጆሮው ተከታተለው። የደምሴን ድምፅ እስከ ዛሬ የሚያነሡ ብዙ ናቸው።

እኛም አንድ ነገር አሰብን። አንድ የስፖርት አስተላላፊ በክረምት ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ቢመጣ ምን ያስተላልፋል? ኳስ ሜዳው ጭቃ ነው። ልጆቹ ከብት ላይ ናቸው። ጎልማሶቹ አረም ላይ ናቸው። ታዲያ ወሬ አጥቶ ይመለስ ይሆን? የለም፣ አይመለስም። ከክረምት የበለጠ ግጥሚያ የት አለ?

ግጥሚያው ስንት ቀን ነው?

የኳስ ጨዋታ 90 ደቂቃ ነው። የክረምት ጨዋታ ግን በቀን ነው የሚቆጠረው። በአባቶቻችን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ይገባል። መስከረም 25 ቀን ይወጣል። እስቲ እንደምረው። ከሰኔ 5 ቀን፣ ከሐምሌ 30 ቀን፣ ከነሐሴ 30 ቀን፣ ከጳጉሜን 5 ቀን፣ ከመስከረም 25 ቀን። ሁሉም ሲደመር 95 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ 96 ይሆናል።

ኳስ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። ዘጠና ሲደመር አምስት! በኳስም ቢሆን ዳኛው መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። የባከነ ሰዓት ማካካሻ ይሉታል። እንግዲህ ጳጉሜን የክረምት ጭማሪ ናት ማለት ነው።

ተጋጣሚዎቹስ እነማን ናቸው? በአንድ ወገን ገበሬው፣ ባለቤቱ፣ ልጆቹና በሬዎቹ አሉ። በሌላው ወገን አረም፣ ጎርፍ፣ በረዶና ብርድ አሉ። ዳኛው ሰማይ ነው። ይህ ዳኛ ፊሽካ የለውም፤ ነጎድጓድ ግን አለው። ነጎድጓድ ሲሰማ ተጫዋች ሁሉ ሜዳውን ለቆ ወደ ቤት ይግባ። ከዛፍ ሥር ግን አትጠለሉ። መብረቅ ብዙ ጊዜ የሚመታው ከሁሉ ከፍ ብሎ የቆመውን ነው።

ሜዳው አይታይም!

አስተላላፊያችን ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ተቀምጧል እንበል። ገሳ ደርቧል። ማይክሮፎኑን ጨብጧል። እንዲህ ይላል፦

«ክቡራንና ክቡራት አድማጮቻችን፣ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ነው የምናስተላልፍላችሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ሜዳው... ሜዳው... አድማጮቻችን፣ ሜዳው አይታይም!»

ጉሙ ነዋ! ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። በሐምሌ ጠዋት የበሬው ቀንድ እንጂ በሬው አይታይም። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ነው።

ከጉሙ ውስጥ ግን አንድ ድምፅ ይሰማል። ያጓራል፤ ደግሞ ያርፋል። የጭነት መኪና ነው። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ እየወጣ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ። አስተላላፊያችን ይህን ሲሰማ ምሩፅ ይፍጠር ትዝ ይለዋል።

ምሩፅ በሩጫ ሌሎቹን ተከትሎ ይቆያል። መጨረሻው ሲደርስ በድንገት ይፈተለካል። ስለዚህ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር አሸነፈ። ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ 5 ሺህ ሜትር ደገመ። ወሩን ልብ አላችሁ? ሐምሌ ነው። የፈረንጆች በጋ የእኛ ክረምት ነው። ስለዚህ ትልልቁ የዓለም ሩጫ ብዙ ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ይውላል። እዚያ ፀሐይ ላይ ሲሮጥ እዚህ ጭቃ ውስጥ ይታረማል።

ግብ ጠባቂው ባለ ወንጭፍ

ጉሙ ገለል አለ። አስተላላፊያችን አሁን ያያል። የገብሱ ማሳ ጫፍ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። በእጁ ወንጭፍ ይዟል። ይህ ግብ ጠባቂው ነው።

«ከገደሉ በኩል ጭላዳዎች እየመጡ ነው። አንድ፣ ሁለት... ኧረ መንጋ ናቸው! ልጁ ተነሣ። ወንጭፉን አዞረ። አጮኸው። ጭላዳዎቹ ቆሙ። ተመለሱ! ግብ አልሆነም፣ አድማጮቻችን!»

ጭላዳ የሚኖረው በሣር ነው። ገብሱ ሲያፈራ ግን ገብሱንም አይምርም። በዓለም ላይ ጭላዳ የሚገኘው በእኛው አገር ደጋ ብቻ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክም በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ ማባረር እንጂ መግደል የለም። ጥሩ ግብ ጠባቂ ኳሱን ይመልሳል እንጂ አጥቂውን አይመታም።

ተቀያሪው ጎረቤት

አሁን ወደ ዳባት መንገድ እንውረድ። እዚህ አንድ ማሳ ሙሉ ሰው ጎንበስ ብሏል። ወንፈል ነው። ደቦና ወንፈል ወንድማማች ናቸው። በደቦ ባለ ማሳው ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ ሰው ይጠራል። በወንፈል ግን ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ ነው። ብድሩ ቀን በቀን ይመለሳል።

ከአረሙ ሁሉ ተንኮለኛው ስናር ነው። ከገብሱ ጋር አብሮ ይበቅላል። ገብስ ይመስላል። የሌላውን ቡድን ማልያ ለብሶ እንደሚጫወት ሰው ነው። ዓይን ያላት አራሚ ግን ትለየዋለች። ሳይዘራ በፊት ከነሥሩ ትነቅለዋለች። አንዴ ፍሬውን ካራገፈ ለከርሞም ጠላት ተከለ ማለት ነው።

ሰው ሲታመምስ? ማሳው ሳይታረም ሊቀር ነው? ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ታምራት ቶላ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር እሱ ተተካ። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገባ። የኦሊምፒክ ክብረ ወሰንም ሰበረ። በወንፈልም እንዲሁ ነው። ጎረቤቱ የታመመበት ሰው «ተቀያሪው እኔ ነኝ» ብሎ ይገባል። እሱን ግን የሚያጨበጭብለት የለም።

እረፍት

በጨዋታ መካከል እረፍት አለ። የክረምት እረፍት ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። አስተላላፊያችን ከሩቅ «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ዳኛው ነው እንዴ? ነጎድጓድ ነው እንዴ? የለም፣ የልጆች ጅራፍ ነው። ሙልሙል ተጋግሯል። ሆያ ሆዬ ባዮች በየደጁ ናቸው።

እናት ግን ሙልሙሉን ስትጋግር ሌላም ሐሳብ አለባት። ነሐሴ ጎተራው የሚጎድልበት ወር ነው። አሮጌው እህል እያለቀ ነው። አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ድንች የተከለ ቤት በዚህ ጊዜ ይተነፍሳል። ድንች ከእህል ቀድሞ ይደርሳላ። ድንች የሌለው ቤት ደግሞ ዱቄቱን በእፍኝ ይለካል። የክረምት ጨዋታ ለዋንጫ አይደለም፤ ለእንጀራ ነው።

ያልተቆጠረው ዙር

የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ በሜዳ 25 ዙር ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ይህን ሩጫ አሸነፈች። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። እያንዳንዱን ዙር የሚቆጥር ሰው ነበረ። የመጨረሻው ዙር ሲመጣ ደወል ተደወለ።

አሁን ደግሞ አንዲት የደባርቅ አካባቢ እናት እንይ። ጄሪካን አዝላ ከምንጭ ትመጣለች። ክረምት ውሃ ሞልቷል ብላችሁ እንዳትስቁ። ጎርፍ የሚጠጣ ውሃ አይደለም። ጥሩ ውሃ የሚገኘው ከተጠበቀ ምንጭ ነው። ያም ቢሆን ተፈልቶ ቢጠጣ ይሻላል።

እስቲ እናስላ። ምንጩ ከቤቷ 500 ሜትር ይራቅ። ደርሶ መልስ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በቀን 4 ጊዜ ብትመላለስ 4 ኪሎ ሜትር ነው። በ95 ቀን ስንት ይሆናል? 4 ጊዜ 95፣ 380 ኪሎ ሜትር።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። 380 ኪሎ ሜትር ማለት ታዲያ ዘጠኝ ማራቶን ነው። ዘጠኝ! የመንገዱን ግማሽ ደግሞ 20 ሊትር ውሃ አዝላ ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። መንገዱም ጭቃ ነው። ጀርባዋ ላይ ልጅ ካለ፣ ውሃው በእጅ ነው።

አስተላላፊያችን እዚህ ላይ ማይክሮፎኑን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

«አድማጮቻችን፣ ሦስተኛው ዙር ነው። ዳገቱን ጀመረች። አዳለጣት... አልወደቀችም! ማርሽ ቀየረች! በሩ ጋ ደረሰች። ገባች! ተመልካቹ... ተመልካች የለም፣ አድማጮቻችን።»

ደወልም አልተደወለም። ዙሩን የቆጠረ ሰው የለምና መጨረሻው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። ይህ ሥራ ከሩጫው አንሶ አይደለም። የሚናገርለት አጥቶ ነው።

የጳጉሜን ጭማሪ

ጳጉሜን ገባች። ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ነው። ልጆች ዝናብ ሲጥል ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ ይታጠባሉ፤ ይጨፍራሉ። ተጫዋቹ ሁሉ ደክሟል። ቢሆንም ጭማሪ ላይ ግብ ይገባል። ጭማሪ ላይ ጨዋታ ይበላሻል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። አበበ ቢቂላ በዚያ ምሽት ሮም ከተማ ውስጥ ማራቶን ሮጠ። በባዶ እግሩ ሮጠ። አሸነፈ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጀበት። ባዶ እግር ለእኛ ገበሬ ብርቅ አይደለም። ዓለም ግን ያን ቀን በባዶ እግር ተደነቀ። ለምን? ስላየው ነው። ያየውም ስለ ነገረ ነው።

አስተላላፊው ማነው?

እውነቱን እንናገር። የስፖርት አስተላላፊ ማይክሮፎን ይዞ ወደ ማሳችሁ አይመጣም። ሥራው ሌላ ቦታ ነው። ግን እናንተ አሁን ፊደል ለይታችኋል። ቁጥርም ታውቃላችሁ። እርሳስና አሮጌ ደብተር አይጠፋም። የቤታችሁ ክረምት አስተላላፊ እናንተ ሁኑ።

ብዙ አትጻፉ። በየቀኑ ሦስት ነገር ይበቃል።

1ኛ/ ዛሬ የትኛው ማሳ ታረመ? ስንተኛ ዙር ነው?
2ኛ/ ውሃ ስንት ጊዜ ተቀዳ? ማን ቀዳ?
3ኛ/ በወንፈል ማን መጣልን? እኛስ ማን ዘንድ ሄድን?

ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሳትሳቀቁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ እንደ አስተላላፊ አንብቡት። ልጆቹ ይስቃሉ። ይሳቁ። የወንፈል ብድር አይረሳም። የከርሞው አረም መቼ እንደሚጀመር ከደብተሩ ይታወቃል። ዘጠኝ ማራቶን የተነበበበት ቤት ደግሞ በማግስቱ ጄሪካኑን የሚያነሣ ሌላ እጅ ይገኝ ይሆናል። ባልየው «ዛሬ ተቀያሪው እኔ ነኝ» ቢል ማን ይከለክለዋል?

ውጤቱስ ስንት ለስንት ነው? እሱ አሁን አይነገርም። ገብሱ ገና አላጎነበሰም። ውጤቱ ኅዳር ላይ በአውድማ ይነገራል። እስከዚያው ግን፣ ክቡራንና ክቡራት፣ ጨዋታው ቀጥሏል።