የልብ ምርመራ ቃላትና የአማርኛ ፍቺያቸው

በስደት የሚኖረው ማኅበረሰባችን ዕድሜው እየገፋ በሄደ መጠን፣ የልብ ምርመራ ውጤትን ለወላጅ ወይም ለጎረቤት መተርጎም የብዙዎቻችን ኃላፊነት ሆኗል። ይሁን እንጂ ቃሉን በቁሙ መተርጎም ሕመምተኛውን ያለ ምክንያት ሊያስደነግጠው፣ አለዚያም በከንቱ ሊያዘናጋው ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ «ኢኮ» በሚባለው ምርመራ ወረቀት ላይ የሚያጋጥሙ አራት ቃላትን ለማብራራት እንሞክራለን።

ምርመራውን በ1953 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን አገር፣ በሉንድ ከተማ የጀመሩት ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ሄርትስ ናቸው። መሣሪያው የድምፅ ሞገድ ወደ ልብ ይልክና ከሚመለሰው ማሚቶ ሥዕል ያወጣል።

«ኢጀክሽን ፍራክሽን» የግራው ታችኛ የልብ ክፍል ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንት እጁን እንደሚረጭ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ጤነኛ ልብም ቢሆን የያዘውን ሁሉ አይረጭም፤ ከ50 እስከ 70 በመቶ ገደማ የተለመደ ነው። ስለዚህ 60 የሚለው አኀዝ እንደ ፈተና ውጤት ሊታይ አይገባውም። 40 እና ከዚያ በታች ሲሆን ግን የልብ ጉልበት መቀነሱን ያመለክታል።

«ሃርት ፌይለር» በቁሙ «የልብ ውድቀት» ቢባል፣ ሰሚው ልቡ ሊቆም የተቃረበ ይመስለዋል። «የልብ ድካም» የሚለው የአማርኛ ስያሜ ለነገሩ ይቀርባል፤ ልብ ይሠራል፣ ነገር ግን ሰውነት የሚሻውን ያህል ደም ማድረስ ይቸግረዋል። ልብ በሚገባ መላላት ሲሳነው፣ ከላይ የጠቀስነው አኀዝ ደህና ሆኖ ሳለም ይህ ሕመም ሊኖር ይችላል። ይህንኑ ስያሜ የልብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ለሚመጣው ሕመም የሚያውሉትም ስላሉ፣ ተርጓሚው ሁለቱን መለየት ይኖርበታል።

«ሪገርጂቴሽን» የልብ በር በሚገባ ባለመገጠሙ ደም ወደ ኋላ መመለሱ ነው። «ትሬስ» የሚል ቃል ከታከለበት መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በጤነኞችም ላይ ይታያል።

«ስቴኖሲስ» የበሩ መጥበብ ነው። በግራ በኩል ያለው የሚትራል በር ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲሜትር ሲሆን፣ 1.5 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ጥበቱ ከባድ ይባላል። የዚህ ጥበት ዋነኛ መነሻ፣ በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው «ሩማቲክ ፊቨር» ነው። ይህ ሕመም በአገራችን ዛሬም ብዙ ወጣቶችን ይጎዳል፤ በምዕራቡ ዓለም የሚሠራ ሐኪም ግን ዘወትር አያጋጥመውም። እንግዲህ አስተርጓሚው ወረቀቱን ለሕመምተኛው ከማስረዳቱም በላይ፣ የሕመምተኛውን የልጅነት ታሪክ ለሐኪሙ ማድረስ ይጠበቅበታል።