ያውቁ ኖሯል? ጊታር ሰው የገደለበት የዳንስ ፊልም!

በአንድ የዳንስ ፊልም ውስጥ የጀግናውን እናት የሚገድላት ጊታር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አዎ፣ ጊታር! ፊልሙ በ1982 የወጣው የህንዱ «ዲስኮ ዳንሰር» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የጀግናው የጂሚ ጠላቶች በኤሌክትሪክ ጊታሩ ላይ ጅረት ይለቁበታል፤ እናት ነገሩ ይደርሳታል፤ ልጇን ለማትረፍ ሮጣ ጊታሩን ጨብጣ እዚያው ክው ብላ ትቀራለች!

ከዚያ ወዲያ ጂሚ ጊታር ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጣል! አስቡት እንግዲህ፣ ጊታር የሚፈራ የዲስኮ ንጉሥ! ትልቁ ውድድር ደርሶ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ መብራቱ እየተንቦገቦገ እሱ እንደ ግንድ ተገትሯል።

«ጂሚ ጂሚ» የተሰኘው ዘፈን የመጣው እዚህች ትዕይንት ላይ ነው! በየሠርጉ ሲያስጨፍርዎ የኖረው ዘፈን ጭፈራ ሳይሆን ልመና ነው፤ አንዲት ልጅ የደነዘዘውን ጂሚን «ተነሣ፣ ጨፍር» እያለች የምትማጸንበት! ደስታ መስሎዎት ነበር፣ አይደል?

ዜማው ራሱ ከፈረንሳይ መምጣቱንስ? «ኦታዋን» ከሚባለው የፈረንሳይ የዲስኮ ቡድን! ቦምቤይ አሻሸችው፣ ሞስኮ ጨፈረችበት፣ በ2007 ደግሞ የለንደኗ ኤም አይ ኤ እንደገና ዘፈነችው!

በ2022 ቻይናውያን በኮሮና ምክንያት ቤታቸው ሲቆለፍባቸው ይህንኑ ዘፈን ለተቃውሞ ተጠቀሙበት! «ጂየ ሚ» በእነሱ ቋንቋ «ሩዝ አበድሩኝ» እንደማለት ነው። ባዶ ድስታቸውን ለካሜራ እያሳዩ በህንድ ዲስኮ ወገባቸውን ነቀነቁ! ዜማውን ለፊልሙ ያቀናበረው ባፒ ላሂሪ ይህን ሳያይ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ዐርፏል። ሰውየው አንገቱ በወርቅ ሰንሰለት ካልተሞላ ከቤት የማይወጣ ነበር!

ያዙኝ ልቀቁኝ የሚያሰኘው ግን ይህ ነው፦ በ1984 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ፊልሙን ከ60 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አየው! በዚያው ዓመት በተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የአገሩ ሰው በሙሉ ትኬት ቢቆርጥ እንኳ አይደርስበትም!

ጂሚን የሠራው ሚቱን ቻክራቦርቲ በመጀመሪያ ፊልሙ፣ በ1976ቱ «ምሪጋያ»፣ የህንድን ብሔራዊ የትወና ሽልማት ወስዷል! በፊልሙ ውስጥ ዲስኮ የለም፤ ቀስትና ደጋን ይዞ ጫካ የሚውል አዳኝ ነው። በ2024 ደግሞ የአገሩን ትልቁን የሲኒማ ክብር ተቀበለ!

ለህንድ ፊልም ያበደችው ሌላዋ ከተማ የሱዳኗ ካርቱም ናት! ጣሪያ በሌላቸው ሲኒማ ቤቶች፣ ሰማዩ ከላይ፣ ዘፈኑ ከፊት! በኋላ ግን ሲኒማ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

አራት አዛውንት የፊልም ሰዎች ከካርቱም አጠገብ ባለችው ኦምዱርማን ተዘግቶ የኖረውን «አብዮት» ሲኒማ መልሰው ለመክፈት መነሣታቸውን ሰምተዋል? ታሪካቸው በ2019 በርሊን ላይ በተሸለመው «ስለ ዛፎች ማውራት» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ተቀርጿል። መብራት ጠፍቶባቸዋል፤ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ኢብራሂም ሻዳድ፣ ያ ባለ ሽበት ዳይሬክተር፣ ሻሹን ጣል አድርጎ የድሮ የሆሊውድ ተዋናይት ሆኖ ቁጭ! ጓደኛው ደግሞ በባዶ እጁ ካሜራ «ያነሣል»! ከዚህ የበለጠ ትዕይንት የትኛው ሆሊውድ ይሠራል?

ሱዳን ውስጥ ወንድና ሴት አብረው በመጨፈራቸው ፖሊስ ሊይዛቸው ይችል እንደነበርስ? ሕጉ የተሻረው ኅዳር 2019 ነው! ትናንት!

«ፍላሽዳንስ»ን አይተዋል? በ1983 የወጣው ነው። ልጅቷ ወለል ላይ በጀርባዋ የምትሽከረከርበትን ያስታውሱ! እሷ አይደለችም! ዊግ ያጠለቀ የኒውዮርክ ብሬክ ዳንሰኛ ወንድ ነው! የቀረውን አብዛኛውን ጭፈራ የጨፈረችው ማሪን ጃሃን ስሟ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ግፍ ነው!

«ብሬኪን» በተባለው የ1984 ፊልም ባሕር ዳርቻው ላይ ከኋላ ቆሞ የሚወዛወዝ አንድ ጡንቸኛ አለ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቫንዳም! በየቪዲዮ ቤቱ ተሰልፈን ያየነው ቫንዳም፣ ያኔ አጨብጫቢ ነበር!

የጆን ትራቮልታ ነጭ ሱፍ፣ ያ የ«ሳተርደይ ናይት ፊቨር»፣ በ1995 ጨረታ ላይ 145,500 ዶላር አወጣ! ፊልሙ የተመሠረተበት የመጽሔት ጽሑፍ ደግሞ ደራሲው ራሱ በኋላ እንዳመነው አብዛኛው ፈጠራ ነበር! ሱፉ እውነት፣ ታሪኩ ውሸት!

ኦስካር ያገኘው የህንዱ «ናቱ ናቱ» የተጨፈረው ኪየቭ ውስጥ፣ በዩክሬን ፕሬዚዳንት ቤተ መንግሥት ደጃፍ ነው! ነሐሴ 2021 ተቀረጸ፤ ከስድስት ወር በኋላ ጦርነት!

«ደርቲ ዳንሲንግ» ውስጥ ጥንዶቹ ሐይቅ መሀል ሆነው ልጅቷን ወደ ላይ ማንሣትን የሚለማመዱበት ትዕይንት ሞቅ ያለ የበጋ ቀን ይመስላል። ጥቅምት ነበር! ውሃው በረዶ! የተዋንያኑ ከንፈር ስለጠቆረ ካሜራው ወደ ፊታቸው አልቀረበም፤ ቢጫ የሆኑት የዛፍ ቅጠሎች አረንጓዴ ተቀቡ! መጨረሻ ላይ ፓትሪክ ስዌይዚ አየር ላይ የሚያነሣበትን ትዕይንት ጄኒፈር ግሬይ ደግሞ ፈርታ ከቀረጻው ቀን በፊት አልተለማመደችውም! በአደባባይ፣ በመጀመሪያው!

ይህ ድንቅ የሚመስለው ግን ካላክላ ሠርግ ላልተጠራ ሰው ነው! ከካርቱም በስተደቡብ ነጭ ዓባይ ዳር ባለችው በዚያች ሰፈር፣ እንደ ብዙው የሱዳን ክፍል፣ ሙሽራዋ ብርቅርቅ ባለው ቀይ ሐር ተሸፍና ትቆማለች። ሙሽራው ሐሩን ይገልጣል፤ ደሉካ የሚባለው ከበሮ ይመታል፤ እሷ ትጨፍራለች፤ ከዚያም ሳታስጠነቅቅ ወደ ኋላ ዘፍ! ሙሽራው መያዝ አለበት! ከዘገየና መሬት ከነካች፣ አያምኑኝም፣ ጎል ይቆጠርበታል! የእሷ ወገን ሴቶች እልልታውን ያቀልጡታል፤ ሙሽራው ላቡን ይጠርጋል፤ ደሉካው እንደገና ይመታል!